ደማችን ሲፈላ

በዚህ ዓምድ ዛሬ አብረን የምንመለከተው ጉዳይ በየቤታችን የሚታወቅ ነው። ስንቆጣና ስንደነግጥ በሰውነታችን ውስጥ ምን ይካሄዳል? ጠቡ ካለፈ በኋላስ ለምን ቶሎ አንረጋጋም? ይህን ማወቅ ለጤናችን ይጠቅማል፤ ለትዳራችን ደግሞ ከዚያም በላይ።

አማርኛችን ስለዚህ ነገር ብዙ ያውቃል። የተናደደ ሰው «ደሜ ፈላ» ይላል። የደነገጠው «ልቤ ቀጥ አለች» ይላል። የፈራው ደግሞ «አፌ ደረቀ»፣ «ፀጉሬ ቆመ» ይላል። እነዚህ አባባሎች ለማጋነን ብቻ የተፈጠሩ እንዳይመስላችሁ። አፍ በእውነት ይደርቃል፤ ፀጉር በእውነት ይቆማል። ደም እንደ ሽሮ ባይፈላም በውስጡ ያለው ነገር ግን በሰከንዶች ውስጥ ይለወጣል። ያ ነገር ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ ደረጃ በደረጃ እንይ።

«ታዲያ ብነግርሽ እሺ ትይ ነበር?»

እስቲ አንድ ምሽት በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። እራት ተበልቷል፤ ልጆች ተኝተዋል። ሚስት ቀን ላይ ከዘመድ አንድ ወሬ ሰምታለች። ባሏ ለቤት ኪራይ ከተቀመጠው ገንዘብ ላይ ቀንሶ ለወንድሙ አበድሯል።

«ለወንድምህ ብር ሰጥተኸዋል አሉ። እኔ ሳላውቅ?»

«ታዲያ ብነግርሽ እሺ ትይ ነበር?»

ይህች መልስ ከተሰነዘረች ጥቂት ሰከንዶች በኋላ የሁለቱም ሰውነት ሌላ ሰውነት ሆኗል። ልባቸው ፈጥኖና ጠንክሮ ይመታል። ብዙ አየር እንዲገባ የሳንባቸው ቧንቧዎች ሰፍተዋል። ጉበታቸው ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። የጨጓራና የአንጀት እንቅስቃሴ ተዳክሞ የተበላው እራት መንገድ ላይ ቀርቷል። የቆዳ የደም ሥሮች ጠበው ጣቶቻቸው ቀዝቅዘዋል፤ የዓይናቸው ብሌን ሰፍቷል። የደም ግፊታቸው ከመደበኛው በላይ ወጥቷል።

ይህ ሁሉ ዝግጅት ለምን ይሆን? በሌሊት መንገድ ላይ ጅብ ድንገት ቢመጣብን ለመሮጥ ወይም ለመታገል የሚያስፈልገን በትክክል ይኸው ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ግን ጅብ የለም። ያለው አንድ ባል፣ አንዲት ሚስትና የአንድ ወር የቤት ኪራይ ነው። ሰውነታችን ግን ልዩነቱን አጣርቶ አይጠብቅም፤ አስቀድሞ ይታጠቃል።

መልእክቱ የሚጓዝባቸው ሁለት መንገዶች

በሰውነታችን ውስጥ እኛን ሳያማክር የሚሠራ የነርቭ ክፍል አለ። ሲምፓቴቲክ ነርቭ ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «አብሮ መሰማት» ማለት ነው። የጥንት ሐኪሞች አንዱ የአካል ክፍል ሲታወክ ሌላው አብሮት የሚሰማው በነርቮች በኩል ነው ብለው ያስቡ ስለነበር ስሙ ከዚያ ቀረ። ይህ ነርቭ ከአንጎል የሚመጣውን ትእዛዝ በኅብለ ሰረሰር በኩል ይቀበልና በአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ ከተደረደሩ የነርቭ ቋጠሮዎች ተነሥቶ ወደ ልብ፣ ወደ ደም ሥሮች፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጨጓራ፣ ወደ ቆዳና ወደ ዓይን ይደርሳል።

ትእዛዙ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ቀጥታ ነው። የነርቩ ጫፍ በልብና በደም ሥር ሥጋ ውስጥ እንደ ክር ተሰራጭቶ ይገኛል፤ በክሩ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደሩ ጥቃቅን እብጠቶች አሉ። በእያንዳንዱ ዶቃ ውስጥ ኖርአድሬናሊን የሚባል ቅመም ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ነርቩ ሲነቃቃ ዶቃዎቹ ኖርአድሬናሊኑን እዚያው አጠገባቸው ባለው ሥጋ ላይ ይረጩታል። ልብ ሲቀበለው ይፈጥናል፤ የደም ሥር ሲቀበለው ይጠባል።

ሁለተኛው መንገድ በደም በኩል ነው። ከእያንዳንዱ ኩላሊት በላይ እንደ ቆብ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ዕጢ አለን፤ አድሬናል ዕጢ ይባላል። ሲምፓቴቲክ ነርቭ የዕጢውን መሐል ሲያነቃቃው ዕጢው አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃል። በሰው ላይ ከዚህ የዕጢ ክፍል ከሚወጣው ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ አድሬናሊን ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ኖርአድሬናሊን ነው። ደም ደግሞ የማይደርስበት ቦታ ስለሌለ ጉበትም፣ ሳንባም፣ ጡንቻም መልእክቱን ይሰማሉ።

ነርቩ በስልክ ለአንድ ሰው እንደሚደውል ነው፤ ዕጢው ደግሞ በድምፅ ማጉያ ለመንደሩ ሁሉ እንደሚያውጅ። አድሬናሊን፣ ኖርአድሬናሊንና የእነርሱ ዘመድ የሆነው ዶፓሚን በአንድነት ካቴኮላሚን ተብለው ይጠራሉ። ደም አፈላ የምንለው ነገር የሳይንስ ስሙ ይኸው ነው።

የድመቷ ደምና የእንቁራሪቷ ልብ

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? ታሪኩ ደስ ይላልና ባጭሩ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዋልተር ካነን ከባልደረባው ጋር ሆኖ ከአንዲት የተረጋጋች ድመት ደም ወሰደ። ከዚያም የሚጮኽ ውሻ አቀረበባትና እንደገና ደም ወሰደ። ሁለቱን ደሞች በተራ በተራ በአንጀት ጡንቻ ቁራጭ ላይ ሞከራቸው። በተረጋጋችው ድመት ደም ውስጥ ጡንቻው እንደ ልማዱ መኮማተሩን ቀጠለ። በተሸበረችው ድመት ደም ውስጥ ግን ረግቦ ዝም አለ። አድሬናሊን በአንጀት ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ሕመም፣ ረሃብ፣ ፍርሃትና ቁጣ በሰውነት ላይ የሚያመጡትን ለውጥ ዘርዝሮ አስረዳ። «መታገል ወይም መሸሽ» የሚለው ዝነኛ አገላለጽም ከእርሱ ስም ጋር ተያይዞ ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ ይሠራ የነበረው ኦቶ ሎዊ ሁለት የእንቁራሪት ልቦችን ይዞ ያደረገውን ሙከራ አሳተመ። የአንደኛውን ልብ ነርቭ አነቃቃ፤ ልቡን ያጠበውን ፈሳሽ ወስዶ ነርቩ ወዳልተነካው ወደ ሁለተኛው ልብ ጨመረ። ልብን የሚያዘገየው ነርቭ ሲነቃቃ የተወሰደው ፈሳሽ ሁለተኛውንም ልብ አዘገየው። የሚያፈጥነው ነርቭ ሲነቃቃ የተወሰደውም አፈጠነው። ነርቭ ለልብ የሚናገረው በቅመም እንደሆነ በዚህ ታወቀ። ሎዊ የሙከራው ሐሳብ የመጣለት በሌሊት ከእንቅልፉ ነቅቶ እንደነበር ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1936 ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በእኛና በሌሎች አጥቢ እንስሳት ሲምፓቴቲክ ነርቭ ውስጥ ያለው ዋናው ቅመም ኖርአድሬናሊን መሆኑን ያረጋገጠው ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1946 ነበር። የተረጨው ቅመም ከዚያ በኋላ የት እንደሚገባ ያሳየው ግን አሜሪካዊው ጁሊየስ አክስልሮድ ነው። ለጉዳያችን ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ልብ በሉልኝ።

የመልእክቱ ዕድሜ አጭር ነው

አክስልሮድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ሥራ ራዲዮአክቲቭ ምልክት የተደረገበት ኖርአድሬናሊን ለእንስሳት ሰጡ። ቅመሙ ሲምፓቴቲክ ነርቭ ባለበት ሥጋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ነርቩ ቀደም ብሎ ተቆርጦ በሞተበት ቦታ ግን ሊጠራቀም አልቻለም። ነርቩ ሲነቃቃ ደግሞ ያው ምልክት ያለበት ቅመም ተመልሶ ወጣ። ነርቭ የረጨውን ቅመም መልሶ ይሰበስበዋል ማለት ነው! አስተዋይ የቤት እመቤት የተረፈውን ሰብስባ ለነገ እንደምታስቀምጥ ነርቩም ከረጨው አብዛኛውን መልሶ ወደ ዶቃው ያስገባዋል። አክስልሮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ከፎን ኦይለርና ከበርናርድ ካትስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ወደ ደም የገባውም ቢሆን ብዙ አይቆይም። አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን በደም ውስጥ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ መጠናቸው በግማሽ ይቀንሳል። ጉበት፣ ኩላሊትና ሌሎች የአካል ክፍሎች ይሰባብሯቸዋል፤ ስብርባሪው በሽንት ይወጣል።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ባልየው ያንን ክፉ መልስ የመለሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው እንበል። በዚያች ቅጽበት የተረጨው አድሬናሊን 3 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ከደም ውስጥ አልቋል። ታዲያ ሚስትየዋ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ጣራ ጣራ እያየች ልቧ የሚደልቀው ለምንድን ነው? እርሱስ ጀርባውን ሰጥቶ ጥርሱን የሚያፋጨው ለምንድን ነው?

መልሱ ቀላል ነው፤ ግን ያስደነግጣል። የ6 ሰዓቱ አድሬናሊን የ3 ሰዓቱ አይደለም። አዲስ ነው። «እኔን እንደዚህ ይበለኝ?» ብላ ንግግሩን በልቧ ባስታወሰች ቁጥር ነርቩ እንደገና ይነቃቃል። «የእርሷ ወንድም ቢሆን ኖሮ እኮ» ብሎ ባሰበ ቁጥር የእርሱም ዕጢ እንደገና ይለቃል። ነርቩ የሆነውን ነገርና የታሰበውን ነገር አጣርቶ አይለይም። አንድ ጊዜ የተነገረ ቃል በአንድ ሌሊት ሃያ ጊዜ ሊነገር ይችላል፤ ሰውነትም ሃያ ጊዜ ይታጠቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ቁጣ ሳንጠራው ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ግን በአብዛኛው እኛው እየመገብነው ነው።

ዘጠና ጥንዶች

«ይህ በትዳር ላይ በእርግጥ ተጠንቷል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አዎ፣ ተጠንቷል። በአሜሪካ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘርና ባልደረቦቿ ከተጋቡ ገና አንድ ዓመት ያልሞላቸውን 90 ጥንዶች ለጥናት መረጡ። ጥንዶቹ ጤነኞችና በትዳራቸው ደስተኞች ነን የሚሉ ነበሩ። ለ24 ሰዓት በሆስፒታል የጥናት ክፍል አቆይተዋቸው በትዳራቸው ውስጥ በማይስማሙባቸው ጉዳዮች ላይ ለ30 ደቂቃ እንዲነጋገሩ አደረጉ። በዚያውም ደማቸው በየጊዜው እየተወሰደ ተመረመረ።

በወጣው ውጤት በውይይቱ ጊዜ የሚያዋርድ፣ የሚያቋርጥና የሚያሽሟጥጥ ንግግር የበዛባቸው ጥንዶች አድሬናሊናቸውና ኖርአድሬናሊናቸው ከሌሎቹ የተለየ መንገድ ይዞ ታየ፤ የደም ግፊታቸውም ከፍ ብሎ ቆየ። ወዳጆች ሆይ፣ አስተውሉ፤ ችግሩ አለመስማማታቸው አልነበረም። ሁሉም ጥንዶች የማይስማሙበት ነገር ነበራቸው። ልዩነቱን ያመጣው አነጋገራቸው ነው።

ከ10 ዓመት በኋላ እነዚያው ጥንዶች የት እንደደረሱ ተጠየቀ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። ከተፋቱት ጥንዶች የተወሰደው የመጀመሪያው ዓመት ደም ትዳራቸው ከጸናላቸው ጋር ሲነጻጸር በጭቅጭቁ ጊዜ አድሬናሊኑ በ34 በመቶ ይበልጥ ነበር። በቀኑ ውስጥ በ22 በመቶ ይበልጥ ነበር። በሌሊትም አድሬናሊኑና ኖርአድሬናሊኑ በ16 በመቶ ይበልጡ ነበር። ያኔ ሁሉም «ደስተኞች ነን» ይሉ እንደነበር አንርሳ። አፋቸው ያላወቀውን ደማቸው ያወቀው ይመስላል።

ይህን ስትሰሙ እንዳትሰጉ። እነዚህ ቁጥሮች የብዙ ሰዎች አማካይ ናቸው፤ በማንም ቤት ላይ የተፈረደ ፍርድ አይደሉም። ትምህርታቸው ግን ግልጽ ነው። በየምሽቱ የምንለዋወጠው ቃል በአየር ላይ በኖ አይቀርም፤ በሥጋችን ውስጥ ይጻፋል። በተለይ የሌሊቱን ቁጥር ተመልከቱ። በጤናማ እንቅልፍ ጊዜ እነዚህ ቅመሞች ዝቅ ይላሉ፤ ልብና የደም ሥሮችም ያርፋሉ። ቁጣን ይዞ የሚያድር ሰው ልቡን ሌሊትም ያሠራዋል። ቁጣን አታሳድሩ የሚለውን ምክር ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ምክሩ ለልብ ሥጋም እንደሚበጅ እነሆ እናያለን።

ሐዘን ልብን ሲሰብር

ካቴኮላሚን የሚፈስሰው በቁጣ ብቻ አይደለም። በድንገተኛ ሐዘንም እንደ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓን ሐኪሞች ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚመስል፣ ነገር ግን የልብ ደም ሥር ያልተዘጋበት በሽታ ገለጹ። የልቡ የታችኛው ክፍል ተነፍቶ ደካማ ይሆናል፤ ቅርጹም የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ኦክቶፐስ የሚይዙበትን ማሰሮ ይመስላል። በዚህም በጃፓንኛ «ታኮትሱቦ» አሉት። በሌሎች አገሮች «የተሰበረ ልብ» ሕመም ይሉታል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ከድንገተኛ የስሜት መናወጥ በኋላ እንዲህ የታመሙ 19 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ከአንዱ በቀር ሁሉም ሴቶች ነበሩ። በደማቸው የተገኘው ካቴኮላሚን በከባድ ድንገተኛ የልብ ሕመም ከታመሙ ሰዎች እንኳ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ደስ የሚለው ነገር አብዛኞቹ እንዲህ የሚታመሙ ሰዎች በጊዜው ከታከሙ ልባቸው በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ይሁን እንጂ የሚሞትበትም ሰው ስላለ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

እዚህ ላይ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ወግ ትዝ ይለናል። መርዶ በስልክ ድንገት አይነገርም። ሽማግሌዎችና ዘመዶች ተሰባስበው ማለዳ ይሄዳሉ። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን፣ ባዶ ሆድ እንዳይሆን፣ የሚይዘው እጅ በአጠገቡ እንዲኖር ያስባሉ። ስለ አድሬናሊን ሳይሰሙ ልብን እንዴት እንደሚጠብቁ ያውቁ ነበር። ዛሬ ዘመዶቻችን በአሜሪካም በዐረብ አገርም ተበትነው ሳሉ ክፉ ወሬ በአንድ አጭር መልእክት የሚደርስበት ጊዜ መጥቷል። ከመላካችን በፊት «አጠገቡ ማን አለ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ልብ ሳንጠይቀው፣ እጅ ስንፈቅድለት

አሁን ወደ አንድ ከባድ ነገር እንምጣ። «ደሜ ፈልቶ ነው፤ ምን ላድርግ?» የሚል ሰው በየቦታው አለ። ሚስቱን የመታ፣ ልጁን ያለ ልክ የገረፈ፣ የማይመለስ ቃል የተናገረ ሰው ይህን ምክንያት ያቀርባል። ሰውነታችንን በደንብ ስናውቀው ግን ምክንያቱ አይቆምም።

ሲምፓቴቲክ ነርቭ የሚያዘው ልብን፣ የደም ሥርን፣ የአንጀትን ጡንቻና ዕጢን ነው። እነዚህ ፈቃዳችንን አይጠይቁም። እጅን የሚያነሡና ምላስን የሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎች ግን የሚታዘዙት ለሌላ ነርቭ ነው፤ እርሱም በፈቃዳችን ሥር ያለ ነው። አድሬናሊን ክንድን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ክንድን አንሥቶ በሰው ፊት ላይ ማሳረፍ ግን የአድሬናሊን ሥራ አይደለም። ልብህ ለምን ፈጠነ ብሎ የሚወቅስህ የለም፤ እጅህ ለምን ተነሣ ተብለህ ግን ትጠየቃለህ።

ይህን የምታነብቢ እኅት፣ በቤትሽ የሚሆነው ከቃል አልፎ ድብደባ ከሆነ ከዚህ በታች የተጻፈው ምክር ለአንቺ ሁኔታ በቂ አይደለም። የማረጋጋቱን ሸክም ብቻሽን አትሸከሚ፤ መጀመሪያ ደኅና ቦታ ሁኚ፤ የምታምኛቸውን ሰዎችና ሕግን ከጎንሽ አድርጊ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቁጭ በሉ። ሰው ተኝቶ ወይም ዐርፎ ከቆየ በኋላ ሲቆም ብቻ፣ ምንም ሳይናደድ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ኖርአድሬናሊን በ5 ደቂቃ ውስጥ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ደም ወደ እግር እንዳይወርድ የደም ሥሮች መጥበብ ስላለባቸው ነው። ቆሞ የሚጨቃጨቅ ሰው በዚያ ላይ ሌላ ይጨምርበታል። ሽማግሌዎቻችን «በሉ መጀመሪያ ተቀመጡ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቀጠሮ ያለው ዕረፍት ውሰዱ። ልብ ሲደልቅ አሳብ ይጠባል፤ በዚያ ሰዓት የሚሰጥ መልስ ብዙውን ጊዜ የሚቆጭ መልስ ነው። የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማን ቢያንስ 20 ደቂቃ ያህል መለያየትን ይመክራል። ነገር ግን በር ዘግቶ መውጣት አይበቃም። «አሁን ተናድጃለሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንቀጥላለን» ብላችሁ ሰዓቱን ንገሩ፤ በሰዓቱም ተመለሱ። የመመለሻ ሰዓት የሌለው ዕረፍት ስሙ ኩርፊያ ነው። ኩርፊያ ደግሞ ሁለቱንም ያቃጥላል፤ የሚያኮርፈው ነገሩን ሲያስብ ይውላል፤ የተኮረፈበትም «ምን አድርጌው ነው?» እያለ ይጨነቃል። ቤቱ ዝም ይላል፤ ነርቮቹ ግን ቀኑን ሙሉ ሲጮኹ ይውላሉ።

ሦስተኛ፣ በዕረፍቱ ጊዜ ነገሩን አታመንዥኩት። ለጓደኛ ደውሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ መተረክ ዕረፍት አይሆንም፤ አድሬናሊኑን እንደ አዲስ መጥራት ነው። ዕቃ እጠቡ፤ ግቢውን ዙሩ፤ የሚዘምር ይዘምር፤ የሚጸልይ ይጸልይ። እጃችሁንና አሳባችሁን የሚይዝ ነገር ይኑር።

አራተኛ፣ ትንፋሻችሁን አርዝሙ። ልብን የሚያዘገይ ሌላ ነርቭ እንዳለ በሎዊ ሙከራ አይተናል። ይህ ነርቭ አየር በምናስወጣበት ጊዜ ይበረታል። ስለዚህ በቀስታ አስገብታችሁ ከዚያ በረዘመ ጊዜ አስወጡ። ጥቂት ደቂቃ ብታደርጉት ልባችሁ ሲረጋጋ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ዘመድ በመኝታ ሰዓት አትነጋገሩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆች ሲጫወቱ፣ ሁለታችሁም ጠግባችሁና ዐርፋችሁ ሳላችሁ ተነጋገሩ። ያ ባል ለወንድሙ ከማበደሩ በፊት በእንዲህ ያለ ሰዓት ቢያማክራት ኖሮ «እሺ» ትል እንደነበረ ማን ያውቃል?

ስድስተኛ፣ የምትወስዱትንም ነገር ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመ ጥናት ቡና ለማይጠጡ ሰዎች 250 ሚሊግራም ካፌይን ሲሰጣቸው አድሬናሊናቸው በ207 በመቶ፣ ኖርአድሬናሊናቸው በ75 በመቶ ጨምሯል። ሁልጊዜ የሚጠጣ ሰው ሰውነቱ ስለሚለምደው ይህን ያህል አይነካውም። ቡናችንን እንድትተዉ አልመክርም፤ ተጣጥቶ የሚጠጣ ቡና ግን ለልብም ለወዳጅነትም አይበጅም። ጫት ግን ከዚህ ይከፋል። በውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባለው ቅመም ነርቮች ያከማቹትን ኖርአድሬናሊን አስገድዶ ያስወጣል፤ የሚቅም ሰው ልቡ የሚፈጥነውና እንቅልፍ የሚያጣው ለዚህ ነው።

ሰባተኛ፣ ወደ ሐኪም መሄድን አትናቁ። የደም ግፊታችሁን ተለኩ። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ካለ «ተናድጄ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ያኔውኑ ወደ ሕክምና ሂዱ። በጥቂት ሰዎች ደግሞ በአድሬናል ዕጢ ላይ የሚበቅል እብጠት ያለ ምክንያት አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ይለቃል። እነዚህ ሰዎች ድንገት የሚመጣና የሚሄድ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ምት ይኖራቸዋል። በደም ወይም በሽንት ምርመራ ይታወቃል፤ በአብዛኛውም በቀዶ ሕክምና ይድናል። ስለዚህ የትዳር ጓደኛችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካለበት በጠባዩ ከመፍረዳችሁ በፊት አስመርምሩት።

ውድ አንባቢያን፣ እንግዲህ ዛሬ ማታ በቤታችሁ አንድ ነገር ቢነሣና ልባችሁ መደለቅ ቢጀምር አትደንግጡ፤ ሰውነታችሁ የተፈጠረበትን ሥራ እየሠራ ነው። የተረጨው ቅመም በደቂቃዎች ውስጥ ይሰበሰባል። እናንተ ብቻ አዲስ አትጥሩበት። ለምላሳችሁ ጥቂት ደቂቃ ስጡት፤ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፤ ከዚያ «ቅድም ያልሽው ነገር ምን ነበር?» ብላችሁ በዝግታ ጀምሩ።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ቤታችሁ ሰላም ይሁን።